የበሉበት ወጭት፦ ሜንቶል ሲጋራና የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ትንሽ ሱቅ ያለው ወዳጅ አለኝ። ወተት፣ ቺፕስ፣ ሎተሪ፣ ሲጋራ ይሸጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከካሸሩ ጀርባ ያለው የሲጋራ መደርደሪያ ግማሹ አረንጓዴ ነበር። ኒውፖርት፣ ኩል፣ ሳሌም። ሁሉም ሜንቶል፣ ሁሉም የሚንት ጣዕም ያላቸው። ሐበሻ ደንበኛ ሲመጣ ጣቱ ወደ ቀዩ ባኮ ነው የሚጠቁመው። አረንጓዴውን የሚወስዱት ጥቁር አሜሪካውያኑ ናቸው።

አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «እነሱ እኮ ሚንት ይወዳሉ» አለኝ። እኛ በርበሬ እንደምንወደው ማለቱ ነው። እኔም በቃ ተቀብዬው ወጣሁ። ማን ምን ይወዳል ብሎ ማን ይመራመራል?

በኋላ ግን አንድ ቁጥር ቆም አደረገኝ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ከ10 ጥቁር አሜሪካውያን አጫሾች አንዱ እንኳ ሜንቶል አያጨስም ነበር። አሁን 85 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የሚያጨሱት ሜንቶል ነው። ከነጭ አጫሾች ደግሞ 30 በመቶ ገደማ። የአንድ ሕዝብ ምላስ በሁለት ትውልድ ውስጥ በራሱ ጊዜ እንዲህ አይገለበጥም። ገንዘብ የፈሰሰበት ነገር ነው።

ገንዘቡ እንዴት እንደፈሰሰ ስከታተል የጠበቅሁት ተንኮል ነበር። የረቀቀ ማስታወቂያ፣ የሥነ ልቦና ዘዴ፣ እንዲህ ያለ ነገር። እሱም አልጠፋም። ከሁሉ በላይ ያገኘሁት ግን እኛ አሳምረን የምናውቀውን ነገር ነው፤ ውለታ።

ከሲጋራው በፊት ስለ ለስላሳ ላውራ። በ1940ዎቹ ፔፕሲ ከኮካ ኮላ በብዙ ያነሰ ድርጅት ነበር። ዝናው ርካሽነቱ ነው። በዚያው በ5 ሳንቲም የኮካን እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጠርሙስ ይሰጣል። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ኩባንያዎች ጥቁሩን ገዢ እንደሌለ ይቆጥሩት ነበር። ማስታወቂያ ላይ ጥቁር ሰው ከታየም ወይ አሳላፊ ነው፣ ወይ ሞግዚት፣ ወይ መሳቂያ።

ፔፕሲ በ1947 ኤድዋርድ ቦይድ የሚባል ጥቁር ባለሙያ ቀጠረ። ቦይድ ደርዘን የሚሆኑ ጥቁር ሻጮች ይዞ አገር ላገር ዞረ። ደቡብ ሲወርዱ ሆቴሉ አያሳድራቸውም፣ ምግብ ቤቱ አያስተናግዳቸውም። እነሱ ግን ከረባታቸውን አስረው ኮሌጁንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ ግሮሰሪውንም ያዳርሳሉ። ቦይድ ያሠራቸው ማስታወቂያዎች ላይ ያሉት ጥቁሮች እንደማንኛውም ሰው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ላይ እናትና ወደ ፔፕሲው እጁን የሚሰድ ትንሽ ልጅ ይታያሉ። ልጁ ሮን ብራውን ይባላል። በ1993 በክሊንተን ካቢኔ የአሜሪካ ንግድ ሚኒስትር ሆነ፤ ቦታውን ሲይዝ የመጀመሪያው ጥቁር ነው።

ያን ሥዕል በመጽሔት ላይ ያየ ቤተሰብ ምን እንደተሰማው ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ራሱን አየ። ይህ ክብር የሚጠይቀው አንድ ጠርሙስ ፔፕሲ መግዛት ከሆነ ማን ይነፍጋል?

እዚያው ፔፕሲ ውስጥ ግን ሌላ ጉድ ነበር። በ1949 የድርጅቱ አለቃ ዋልተር ማክ ፔፕሲውን በየከተማው የሚያሽጉትን ነጋዴዎች ሰብስቦ ሲያናግር፣ የጥቁሮች ኮላ ተብለን መቅረት አንፈልግም የሚል ነገር ተናገረ። የተጠቀመበት ቃል ከዚህ የባሰ ነው። ቦይድ ከአዳራሹ ተነሥቶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ቡድኑም ተበተነ። ገንዘባችሁ ይምጣ፣ ስማችሁ ግን እንዳይለጠፍብን፣ ነው ነገሩ። ስኳሩን ለጊዜው እንተወው።

ወደ ሲጋራው ልመለስ። ሜንቶል ሲጋራ የተፈለሰፈው በ1920ዎቹ ኦሃዮ ውስጥ ነው። ኩል በ1933 ገበያ ወጣ። ያኔ ለጥቁርም ለነጭም የሚሸጠው ጉንፋን ሲይዝህ፣ ጉሮሮህ ሲከረክርህ ቀይር እየተባለ ነው። ቪክስ ደረቱ ላይ የተቀባ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ያ ቅዝቃዜ ሕመሙን አያድነውም፣ ያስረሳዋል። ሲጋራ ውስጥም ሥራው ይኸው ነው። የጭሱን መቆጥቆጥ ይሸፍናል። ጀማሪ ልጅ በመጀመሪያው ሲጋራ ስሎ ስሎ «ሁለተኛ አልነካም» እንዳይል ያደርገዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ባወጣው ግምገማ፣ ሜንቶል ለመጀመር እንደሚያቀል፣ ለማቆም ደግሞ እንደሚያከብድ ጽፏል።

ሳሌም በ1956፣ ኒውፖርት በ1957 መጡ። ፉክክሩ በረታ። ከዚያ ኩባንያዎቹ አንድ ባዶ ሜዳ አዩ። ጥቁሮቹ የራሳቸው መጽሔቶችና ጋዜጦች አሏቸው፤ ማስታወቂያ ግን የላቸውም። ቺካጎ ላይ በ1945 የተመሠረተው ኢቦኒ መጽሔት እንኳ ትልልቅ ኩባንያዎችን ለማሳመን በየበሩ ብዙ ደጅ ጠንቷል። የዲያስፖራ ጋዜጣ ወይም ሬዲዮ የሞከረ ሐበሻ ይህን ያውቃል። ጠበቃው፣ ቤት አሻሻጩ፣ ገንዘብ አስተላላፊው ማስታወቂያ ካልሰጠ ወሩ አይወጣም። የትምባሆ ኩባንያዎች ሌላው በሸሸበት ቤት ገቡ። በጥሬ ገንዘብ፣ በየወሩ፣ ሳይጎድሉ።

የያዙትም ደረቅ ማስታወቂያ አልነበረም። ኤልስተን ሃዋርድ የቤዝቦል ቡድኑ የኒውዮርክ ያንኪስ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው፤ ኩል በማስታወቂያው አወጣው። በ1971 የሲጋራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲባረር ገንዘቡ ወደ ጎዳና ወረደ። የጥቁሮች ሰፈር ቢልቦርዶች በሲጋራና በመጠጥ ተሞሉ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኩል ስም የጃዝ ፌስቲቫል ከከተማ ከተማ ይዞር ጀመር። ሙዚቀኛው ይከፈለዋል። ሰፈሩ ይደሰታል። አዳራሹ ላይ የሲጋራው ስም ተሰቅሏል።

ቀጥሎ ያለው ነገር ነው እኔን በጣም የከበደኝ። ኩባንያዎቹ በመኪና እየዞሩ ሲጋራ በነጻ ያድሉ ነበር። ቦስተን ውስጥ በመንግሥት ቤቶች ሰፈር ያደገች አንዲት ጥቁር ሴት ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ነጻ ኒውፖርት እንደተሰጣት ከመሞቷ በፊት ቃሏን ሰጥታለች። መጀመሪያ ሲጋራውን ለእህቶቿ ትሰጥ ነበር፤ በከረሜላ ትቀይረው ነበር። በኋላ ራሷ ማጨስ ጀመረች። በ54 ዓመቷ በሳንባ ካንሰር ሞተች። ልጇ አምራቹን ሎሪላርድን ከሰሰ። ኩባንያው ለሕፃን አላደልኩም ብሎ ተከራከረ። በ2010 ጁሪው ለቤተሰቡ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ። ይግባኝ ላይ ገንዘቡ ብዙ ቀነሰ፤ ኋላ በስምምነት ተዘጋ። እኔ በጭንቅላቴ የቀረው ግን ከረሜላው ነው።

ስጦታ፣ ፌስቲቫል፣ መጽሔት። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ነገሩ ገሃድ የወጣባት አንዲት አጋጣሚ አለች፤ አፕታውን። ይህ የአር ጄ ሬይኖልድስ አዲስ ሜንቶል ነበር። በ1990 የካቲት ፊላደልፊያ ላይ ሊሞከር ተዘጋጀ። ባኮው ጥቁርና ወርቃማ ነው። ሲጋራዎቹ ተገልብጠው፣ ፊልተራቸው ወደ ታች ሆኖ ነው የተደረደሩት። ለምን ቢባል፣ ጥቁር አጫሾች ብዙ ጊዜ ባኮውን የሚከፍቱት ከታች በኩል እንደሆነ ጥናት ስላሳያቸው ነው። እስከዚህ ድረስ ሰውን ማጥናት አለ። የገዛ ወንድምህ እንኳ ባኮ ከየት በኩል እንደሚከፍት አታውቅም።

ኩባንያው የተሳሳተው እውነቱን በመናገሩ ነው። ገበያው ጥቁር አጫሾች መሆናቸውን አልደበቀም። ሌሎቹ ሁሉ ለዓመታት ሲያደርጉት ኖረዋል፣ ጮክ ብለው ግን አልተናገሩትም። የፊላደልፊያ ጥቁሮች ተነሡ፤ ፓስተሩም፣ ሐኪሙም፣ የሰፈር ማኅበሩም። ከዚያ የጤና ሚኒስትሩ ሉዊስ ሱሊቫን መጣ። እሱ ራሱ ጥቁር ሐኪም ነው፣ አትላንታ ውስጥ የሞርሃውስ ሕክምና ትምህርት ቤትን ካቋቋሙት ዋናው። ጥር ላይ እዚያው ፊላደልፊያ፣ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ቆሞ ኩባንያውን በስሙ ጠርቶ ወቀሰ። የሪፐብሊካን ካቢኔ አባል አንድን የሲጋራ ብራንድ ለይቶ ሲያወግዝ የሚታይ ነገር አልነበረም። በማግሥቱ አፕታውን ተሰረዘ። አንድም ባኮ ሱቅ ሳይደርስ።

ሳሌም ግን እዚያው ነበር። ኩልም፣ ኒውፖርትም። ጥቁርና ወርቃማው ባኮ ብቻ ነው የቀረው።

በዚያው ዓመት ሃርለም ውስጥ ፓስተር ካልቪን በትስ ምእመናኑን አስከትሎ፣ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ወጣ። የሲጋራና የመጠጥ ቢልቦርዶችን በነጭ ቀለም ይለቀልቁ ጀመር። ቤተ ክርስቲያኑ የአቢሲኒያ ባፕቲስት ይባላል። አዎ፣ በእኛው ስም። ቤተ ክርስቲያኑ ስለ ራሱ ሲተርክ፣ በ1808 ኒውዮርክ ውስጥ ጥቁሮችን ለይቶ የሚያስቀምጥ ቤተ ክርስቲያን ትተው ከወጡት መካከል ከአቢሲኒያ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ ይላል። ለብቻ የሚመደብ ወንበር አንቀበልም ያሉ ሰዎች ልጆች፣ ከሁለት ምዕተ ዓመት ትንሽ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ለብቻ የተመደበላቸውን ቢልቦርድ ቀቡ። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ መዝናናቴ አይፈረድብኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። በትስን የመሰሉ ሰዎች ለምን ጥቂት ሆኑ? ለምን አርባ ዓመት ፈጀ?

መልሱ ያለው በደረሰኝ ላይ ነው። የትምባሆ ኩባንያዎች ገንዘብ ያልሰጡት ትልቅ የጥቁር ተቋም መፈለግ ይቀላል። የመብት ተሟጋቹ ኤንኤኤሲፒ፣ ኧርባን ሊግ፣ ለጥቁር ኮሌጆች ገንዘብ የሚያሰባስበው ፈንድ፣ ጋዜጦቹ፣ ጉባኤዎቹ፣ የዳንስ ቡድኖቹ። ስኮላርሺፑ እውነተኛ ነው። ተማሪው እውነተኛ ነው። በዚያ ገንዘብ የተማረ ሐኪም ምናልባት አሁን የሳንባ ካንሰር ያክማል። ሌላው ኩባንያ ጥቁር ሠራተኛ ለመቅጠር ሲያቅማማ ትምባሆዎቹ ቀጠሩ፣ አሳደጉም። ከእነሱ መካከል ጥሩ ልብ የነበራቸው አይጠፉም ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ካደረገልህ ሰው ላይ እንዴት ትነሣለህ? በእኛ ቋንቋ የበሉበትን ወጭት መስበር ይባላል። ማንም ዝም በል ብሎ ውል አላስፈረመም። ይሉኝታው በቂ ነው። መጽሔቱ ስለ ደም ግፊት ይጽፋል፣ ስለ ስኳር ይጽፋል፤ ስለ ሲጋራ ሲሆን ገጽ ይጠበዋል። ጉባኤው ስለ ጤና ሲወያይ ስፖንሰሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሜንቶልን ያህል ለእኔ የሚገርመኝ ይህ ነው። ማስታወቂያው ለገዢው ነበር፤ ልገሳው ግን ገዢውን ሊያስጠነቅቁ ለሚችሉት ሰዎች።

ኤንኤኤሲፒ በመጨረሻ ተላቀቀ። ከ2016 ጀምሮ ሜንቶል ይታገድ ከሚሉት ወገን ነው። ሁሉም ግን አልተከተለውም። የመብት ታጋዩ የአል ሻርፕተን ድርጅት ከሬይኖልድስ ድጋፍ አግኝቷል፤ ሻርፕተንም በእገዳው ላይ ጥያቄ ያነሣ ጀመር። የጠየቀው ነገር ባዶ አይደለም። በ2014 ስታተን አይላንድ ላይ ኤሪክ ጋርነር ነጠላ ሲጋራ ትሸጣለህ ተብሎ ፖሊስ አንገቱን አንቆት ሞተ። አዲስ አበባ ሱቅ በደረቴው ሲጋራ በፍሬ ሲሸጥ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሰው ለዚህ ይሞታል? ጥቁሮች የሚወዱትን ሲጋራ ብቻ ለይቶ ወንጀል ማድረግ ለፖሊስ ሌላ ሰበብ አይሰጥም ወይ?

በበኩሌ ፍርሃቱን እቀበለዋለሁ፣ ድምዳሜውን ግን አልቀበልም። የቀረበው እገዳ በአምራቹና በሻጩ ላይ እንጂ በሚያጨሰው ላይ አልነበረም። ፖሊስ ከበዛ የፖሊስ ጉዳይ ነው። ደግሞም ይህን ክርክር ለማሰማት ስብሰባ የሚያዘጋጀው፣ አዳራሽ የሚከራየው ማን እንደሆነ ማየት ነው። እንደገና ያው ወጭት።

ሕጉ የሄደበት መንገድ ግራ ያጋባል። በ2009 የአሜሪካ ምክር ቤት ጣዕም ያለው ሲጋራ ሁሉ ከለከለ። እንጆሪ፣ ቸኮሌት፣ ቅርንፉድ፣ ሁሉም ቀረ። አንድ ጣዕም ብቻ ተፈቀደ፤ ሜንቶል። የቅርንፉድ ሲጋራ ጉልበት ያለው ኩባንያ አልነበረውም። በ2022 ሚያዝያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሜንቶልም ይታገድ ብሎ ረቂቅ አወጣ። ምርጫው ሲቃረብ ዋይት ሐውስ አዘገየው። እንደገና አዘገየው። በ2025 ጥር አዲሱ አስተዳደር በገባ ማግሥት ረቂቁ ተነሣ። በዚህ መሐል ካናዳ በ2017፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2020 ከልክለዋል።

ኢትዮጵያም እንዲሁ። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ እንዳይሸጥ፣ ትምባሆም እንዳይተዋወቅ ያዛል። አተገባበሩ ሌላ ወሬ ነው። የሚገርመው ሰንሰለቱ ነው። አፕታውንን ለጥቁሮች ያዘጋጀው ሬይኖልድስ ከአሜሪካ ውጪ ያለውን ንግዱን በ1999 ለጃፓን ቶባኮ ሸጠ። ጃፓን ቶባኮ ደግሞ በ2016ና በ2017 የእኛን ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ከ70 በመቶ በላይ ገዛ። ኒያላን የሚያጨስ ሰው ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም።

አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ከተሞችና ክፍላተ ሀገር ግን ፌዴራሉን አልጠበቁም። ማሳቹሴትስ በ2020 ከለከለች። ካሊፎርኒያ ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቅርባ በ2022 መጨረሻ ተከተለች። ዲሲም በዚያው ዓመት ጥቅምት ጀመረች። በወዳጄ ሱቅ አረንጓዴው መደርደሪያ የጠፋው በዚህ ነው።

ሰሞኑን ሄጄ ስለዚህ ሁሉ አወራሁት። ስለ ፔፕሲ፣ ስለ ከረሜላው፣ ስለ ተገለበጠው ሲጋራ። እየሰማኝ ስልኩን ይነካካል። ከዚያ «ለኛም እኮ ይከፍሉን ነበር» አለኝ። እንዴት አልኩት። የኩባንያው ሰው በየጊዜው ይመጣል። ባኮዎቹ በዓይን ልክ እንዲቀመጡ፣ ፖስተሩ በሩ ላይ እንዲለጠፍ ይዋዋላል። በምላሹ ቅናሽ ይሰጣል፣ አንዳንዴም ቼክ። ይህ ብዙ ሱቅ የሚገባበት የተለመደ ውል ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2012 የታተመ ጥናት፣ ጥቁር ተማሪዎች በሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ዙሪያ ባሉ ሱቆች የሜንቶል ማስታወቂያ እንደሚበዛ፣ የኒውፖርት ዋጋም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቅናሹ ሰፈር ይመርጣል።

«ገንዘቡ ጥሩ ነበር?» አልኩት።

«ኪራይ ይደግፋል» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ሰውዬውም ጥሩ ሰው ነበር። ልጄ ስትመረቅ ስጦታ አምጥቷል» አለ።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። በዕድሜ የገፉ፣ ከዘራ የያዙ ጥቁር ሴት ገቡ። ወዳጄ ስማቸውን ጠርቶ ሰላም አላቸው፤ ለዓመታት ያውቃቸዋል። ሎተሪያቸውን ገዙ። ከዚያ እየሳቁ፣ ዛሬስ አልመጣም ወይ ብለው ወደ መደርደሪያው አመለከቱ። እሱም እየሳቀ ጭንቅላቱን ነቀነቀና በጣቱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ አሳያቸው። ሜሪላንድ ሜንቶል አልከለከለችም። መስመሩን እንደተሻገሩ ማደያው አለ። አውቶቡሱ ከሱቁ በር ላይ ይቆማል።